እንከን ያጣሁለት አልበም

ጓደኛዬ አልበሙን በቴሌግራም ሲልክልኝ ከሥሩ «ስማውና እውነቱን ንገረኝ» ብሎ ጻፈ። እውነት የሚፈልግ ሰው ለእኔ መላክ አልነበረበትም። ገና ሳልከፍተው፣ ምነው ባይጥመኝ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ቆቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እኔ ሒሳብ፣ እሱ ስፖርት እናስተምር ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ እንጫወታለን፤ እኔ ኪቦርድ፣ እሱ ቤዝ ጊታር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ነኝ፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ። እንዲያም ሆኖ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ድንኳን የሚጥል ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። የራያ ሠርግ ላይ ሙዚቀኛ አይመራም፤ የሚነዳው ጨፋሪው ነው። ዱላቸውን ይዘው ክብ ሠርተው ሲዘሉ ምቱን የሚያፈጥኑት እነሱ ናቸው፣ ሙዚቀኛ ይከተላል። እኔ ዓይኔን ከእግራቸው ላይ አልነቅልም። እሱ ግን ዓይኑን ይጨፍንና ጣቶቹ ወደወሰዱት ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ዋጃ ላይ የሙሽራው አጎት መጥተው ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ወዴት እየወሰድከን ነው? እግራችን ጠፋብን እኮ» አሉት። ጊታሩን ነቅሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ የቀረውን ሰዓት ቤዙን በግራ እጄ ጨምሬ ብቻዬን ተጫወትኩ። በጣም አዘንኩለት። ለሚበልጡት ሰው ማዘን ቀላል ነው።

በኋላ ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ገባ። ተቸግሮ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም። እነሆ አልበም አወጣ፣ ያውም ዘፈን የሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር በመሣሪያ ብቻ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጃዝ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሽንኩርት ልገዛ ወደ ጎብዬ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ድራሙ ብቻውን ጀመረ። ቤዙ ሲገባ እንደ ቤዝ ከኋላ ሆኖ አላጀበም፤ ከፊት ሆኖ ዘፈነ። የያዘው ቅኝት ባቲ ነው፣ ግን ጣቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሮጥ ባቲን እንዲህ አድርጎ የደፈረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ ሊድ ጊታሩ መጣና ያንኑ ዜማ ሁለቱ እኩል መንዳት ጀመሩ፤ ሁለት ባጃጆች በጠባብ መንገድ ጎን ለጎን ሲበሩ ሳይነካኩ እንደሚያልፉት። ከሥር የሚሄደው ምት የራያ ዝላይ መሆኑን ለየሁት። ግን አንዲት ምት ከመሃል ጎድላለች፣ ወይም ተጨምራለች። ለማወቅ በጉልበቴ ላይ በጣቴ እየመታሁ ቆጠርኩ፤ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ጎብዬ ስንደርስ ረዳቱ «ጋሼ፣ አይወርዱም?» ብሎ ቀሰቀሰኝ፤ የተኛሁ መስሎታል።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ናፍቆት ነው፣ ድካም ነው አልኩ። ቅናት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ሁሉ ስህተት ፍለጋ ነው። ክሩ ያመለጠበት፣ ከድራሙ የቀደመበት ቦታ አለ ወይ ብዬ እየመለስኩ ሰማሁ። ስህተት ሳጣበት «ጉራ ነው፤ ፍጥነት ብቻ» አልኩ። ይህንን ባልኩ ማግስት አራተኛውን ሙዚቃ በደንብ ሰማሁትና አፈርኩ። እዚያ ጓደኛዬ ክሩን ነካ ለማለትም አይቻልም፤ አንድ ድምፅ ይጥልና ይጠብቃል። ኪቦርዱም እንደዚያው ነው፤ ትንሽ ነካ ያደርግና ዝም ይላል። እኔ ብሆን ያን ዝምታ በአሥሩም ጣቴ እሞላው ነበር። ዝም ማለት አልችልበትም፤ ሠርግ ላይ ዝም ያለ ኪቦርድ መብራት የሄደ ነው የሚመስለው።

ባለቤቴ አንድ እሁድ ልብስ እያጠበች ስልኬን ከፍታ ሰማችው። እጇ አረፋ እንደያዘ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ሲያልቅ «አንተ ስትጫወት እንጨፍራለን፤ ይሄን ግን ቁጭ ብዬ ሰማሁት» አለችኝ። ሁለታችንንም ማመስገኗ ነው። ስልኬን ተቀብያት ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ጓደኛዬ ደወለ።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«እህስ?»

«ቀረጻው ንጹሕ ነው» አልኩት። አልበሙን ትቼ የስቱዲዮውን ባለሙያ አመሰገንኩ።

ከዚያ የደወለበትን ነገረኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወደ ውጭ ሊሄድበት ነው፤ አልበሙን ከበዓላቱ በኋላ መድረክ ላይ ሊያቀርቡት ነው፤ ልምምዱ በመጪው ቅዳሜ ይጀመራል። «አንተን ነው የፈለግኩት። እመጣለሁ በለኝ እንጂ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ የታየኝ ግን ከእሱ ኋላ ቆሜ፣ መቁጠር ያቃተኝን ምት ስስት፣ እሱም በትህትና ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው።

«ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ» አልኩት።

«የማን ሠርግ?»

«ያው የሰው ነዋ።»

«አንተዋ» አለኝ በቀስታ፣ «እኔ ረመዳን ላይ ነኝ፣ አንተ ሁዳዴ ላይ ነህ። በዚህ ሰሞን ቆቦ ላይ ማነው የሚያገባው?»

 ቆቦ ተወልዶ ያደገን ሰው ያውም በሠርግ ልዋሸው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን «አብሽር፣ ገብቶኛል» ብሎ ተሰናበተኝ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ለእኔ ነው።

ሦስት ቀን ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኪቦርዱን ከሻንጣው አውጥቼ ያን አራተኛውን ሙዚቃ ከስልኩ ጋር ሞከርኩት። ዝም ማለቱን ለመድኩት ማለት ባይቻልም፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ዝም አልኩና ቦታው ላይ ገባሁ። ባለቤቴ ከውስጥ «ይኸው» አለች። ወዲያው ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

«ሠርጉ ተሰረዘ» አልኩት።

ረጅም ሳቅ ሳቀ፣ ከልቡ። ከዚያ ሳቁን ገታና «ትናንት ሌላ ልጅ አገኘሁ እኮ» አለኝ።

«ጎበዝ ነው?» አልኩ፤ እንዲህ ስጠይቅ እንኳ አይደለም እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት።

«አንተን አያህልም» አለኝ። «ግን እመጣለሁ አለኝ።»