ለአንድ ሰው የሚበቃ ክትባት

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ በተሰጠ ሥልጠና፣ አንድ ወጣት ሐኪም ሰሌዳው ላይ ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ የመሰለ ሥዕል ሣለ። በጀት ሲያጥር መድኃኒቱ ለማን ቢሰጥ የበለጠ ሕይወት እንደሚተርፍ የሚሰላበት ነው። እኔም በወጣትነቴ ተምሬዋለሁ፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ብቻ አያ አጥናፉ ትዝ አሉኝና ሌሎቹ ለሻይ ሲወጡ ከወንበሬ ሳልነሳ ቀረሁ።

ያኔ ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ አዲስ ተመዳቢ ሐኪም ነበርኩ። ወሩ ሰኔ ነው፤ መንገዱ ጨቅይቷል፣ በቆሎው ከጉልበት አልፏል። አያ አጥናፉ የሚባሉ ገበሬ ትንሿን ልጃቸውን ትርንጎን አዝለው፣ ፊታቸው በደም ርሶ ገቡ። ያበደ ውሻ ልጅቱን እግሯ ላይ ጫር አድርጓት፣ ሊያስጥሉ ሲታገሉ እሳቸውን ጉንጫቸው ላይ ነክሷቸዋል።

የሁለቱንም ቁስል በሳሙናና በውኃ ደጋግሜ አጠብኩ። በየቀኑ እየተወጋ የሚጨረሰው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ለሁለት ቢከፈል ለአንዳቸውም አይሆንም። ያልደወልኩበት ቦታ የለም። የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ የዓመቱ በጀት አልቋል፣ ሐምሌን ጠብቁ።

አሰላሁት። የፊት ንክሻ ለአንጎል ቅርብ ነው፤ የልጅቱ ግን በቀሚሷ በኩል ያለፈ ጭረት ነው። ሚዛኑ ወደ አባትየው አደላ።

«አያ አጥናፉ፣ እርስዎ ይከተቡ። እሷ ሌላ ክትባት እስኪመጣ ልትቆይ ትችላለች» አልኳቸው።

«ምንም አይነካትም ብለህ ትምልልኛለህ?»

«መማልስ አልችልም። ግን የእርስዎ ይብሳል።»

«እንግዲያማ ለሷ አድርግላት፣ ልጄ።»

«እርስዎ ቢሞቱ ማን ያሳድጋታል?»

«እናቷ አለች። ልጅቷ ብትቀር ግን እኔ በምን ዓይኔ እቤት እገባለሁ?»

ብለምን፣ ብቆጣ አልሰሙኝም። ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ተቀመጡ። ለትርንጎ የመጀመሪያውን ወጋኋት። ስታለቅስ፣ የቋጠሩትን ዳቦ ፈትተው አጎረሷት፤ ለእኔም ቆረሱልኝ።

በየቀኑ በጭቃው እያመላለሱ ክትባቱን አስጨረሷት። የእሳቸው ድርሻ ሐምሌ ላይ ሲደርስ ግን በሽታው ተነሥቶባቸው ውኃ ባዩ ቁጥር መታነቅ ጀምረው ነበር። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ወደ ቤታቸው ሲመልሷቸው በሩ ላይ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አላደረግሁም።

ትርንጎ ዛሬ ቡሬ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ የልጆች እናት ናት። ባገኘችኝ ቁጥር «ያተረፉኝ እርስዎ ነዎት» እያለች ጉልበቴን ልትስም ታጎነብሳለች። ያለ ክትባቱም ትተርፍ እንደነበር፣ አባቷም ቢከተቡ አብረዋት ይኖሩ እንደነበር አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ክትባቱን የተዉላት አባቷ እንደሆኑ ልነግራት አፌን እከፍትና የልጆቿን ጤና ጠይቄ እመለሳለሁ።