በነፋስ ቀን የተጎተተ ወጥመድ

ኮልፌ ተቀምጦ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ማለት በዚያን ዘመን ለሰፈርተኛው ትልቅ ሳቅ ነበር። ይገዙ ከዘጌ መጥቶ ጎጆ በቀለሰ ጊዜ፣ በጋ ላይ አህያ ሆዷን ሳታርስ በምትሻገረው ወንዝ ዳር ተቀምጦ ስለ ጣና ማዕበል ያወራ ነበር። "ታንኳው" አሉት። እሱም ሳይቆጣ "ውኃው ይመጣል" ይል ነበር። እውነትም መጣ። ጣልያን ገፈርሳን ሲገድብ ሜዳው ሐይቅ ሆነ፤ ነጮቹም ዓርብ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ዓሣ አማራቸው። በተራው ይገዙ ሳቀ።

የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚያ አይበቅልምና ታንኳውን ፊላ በሚሉት የረግረግ ሣር ሠራ። ፊላ ውኃ ቶሎ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከውኃ በወጣ ቁጥር አቁሞ ያደርቀዋል። ለቀዛፊነት አምሐን መረጠ። አምሐ ጎረቤቱ ብቻ አልነበረም፤ ልጁን ኃይለ መስቀልን ክርስትና ያነሣው ይገዙ ነውና አበልጁ ነው። የውኃውን ሕግ እንደ ዳዊት አስጠናው። ታንኳ ላይ ተንበርክከው ይሠራሉ እንጂ አይቆሙም፣ አፍንጫው ምንጊዜም ወደ ነፋሱ ነው። የወጥመድ ገመድ በጭብጥ ይያዛል እንጂ እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ ከከበደ ይለቀቃል። "ወጥመድ በሸንበቆ ይሠራል፤ ሰው በምን ይሠራል?" ይለው ነበር። ውኃው ነጭ ነጭ ማለት ከጀመረ ደግሞ ጨርሶ አይወጣም።

መሣሪያ የደበቀ ይረሸናል ተብሎ ሲታወጅ ይገዙ ያባቱን ውጅግራ ለጣልያን ማስረከብ አንጀቱ እንቢ አለው። ጠመንጃውን በሞራ አሽቶ፣ በቆዳ ጠቅልሎ፣ ጥልቁ ላይ በሚጥለው ወጥመድ ውስጥ አሰመጠው። ይህን የሚያውቁ እሱና አምሐ ብቻ ነበሩ። ሚስቱ ወለተጻድቅ ኋላ በሰማች ጊዜ "ሰው ምሥጢሩን ለሚስቱ ይነግራል፤ አንተ ለአበልጅህ" ብላ ወቅሳዋለች።

በዚያው ዓመት አምሐ በግድቡ ሠራተኞች ላይ ካቦ ሆኖ ተሾመ። በምን እንደ ተሾመ የገባው ሰው አልነበረም። ይገዙ ግን ደስ ብሎት መረቀው።

በየካቲት ከመናገሻ ጫካ መልእክት መጣ። አርበኞቹ ይገዙን ሊቀበሉት ነው፤ መንገድ መሪው ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ ጠመንጃ የሌለው ግን እንዳይመጣ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ፤ ውኃው ነጭ ሆነ፤ የግድቡ ዘበኞችም ድንኳናቸው ገቡ።

"ዛሬ ነው፣ አበልጄ። የሚያየን የለም" አለ ይገዙ።

"አብደሃል? በዚህ ነፋስ? ነገ እንወጣለን።"

"ነገ መንገድ ላይ ነኝ።"

አምሐ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመውና መቅዘፊያውን አነሣ።

መሃል ሲደርሱ ፊላው ርሶ ከብዶ ነበር፤ ውኃው ጉልበታቸው ላይ ይፈስሳል። ይገዙ ተንበርክኮ ሳበ። ገመዱ አመለጠው። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ አመለጠው። ያን ጊዜ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠመጠመ። አምሐ ከኋላው ሆኖ ያያል።

"ልቀቀው፣ ይገዙ።"

"ያባቴን? እንዴት አድርጌ ልልቀቀው?"

አምሐ ዓይኑን ወደ መቅዘፊያው መለሰ። ታንኳው በጎኑ ተጋደመ፤ ይገዙ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ገመዱ ክንዱን ላጠው። በልቡ እመቤቴን እየጠራ እንደ ምንም ወጥመዱን አወጣና በላዩ ተኛበት።

ዳር ሲደርሱ ከድካሙ የተነሣ ይስቅ ነበር። እየሳቀ ቆዳውን ፈታ። ውስጡ የሞፈር ስባሪ ነው፤ እንዲከብድ ድንጋይ ታስሮበታል፤ ሞራው ሳይቀር በደንብ ተቀብቷል። ይገዙ ቀና አለና "አምሐ፣ ሰረቁን እኮ" አለ። ይህችን "ሰረቁን" ያላትን ቃል ባስታወሳት ቁጥር ኋላ ታቃጥለው ነበር።

አምሐ ጭቃውን እያየ "እኔ ነኝ" አለ። "የራሴ ነው ብዬ አስረከብሁት። ካቦ ያደረጉኝ በእሱ ነው።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የይገዙ አወዳደቅ ግን ገና አላበቃም ነበር።

"የጠመንጃውን ተወው" አለ። "ገመዱን ክንዴ ላይ ስጠመጥም አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ድንጋይ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"አፈርሁ።"

"ብሰምጥስ?"

ይገዙ ቆሞ ጠበቀው። ዝምታው ሲረዝም መልሱ ራሱ ገባው፤ እሱ ቢሰምጥ ኖሮ አምሐ ከማፈር ይገላገል ነበር። እንባው መጣ፤ ነፍሱ ለአበልጁ ይህን ያህል ርካሽ መሆኗን አያውቅም ነበርና። መንገድ መሪው ጎሕ ሲቀድ ጠብቆት ጠብቆት ሄደ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አምሐ በሽማግሌ ይቅርታ ጠየቀ። ይገዙ የአምሐ ልጅ የክርስትና ልጁ ነውና እንቢ አላለም፤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ጠመንጃውን ይቅር ብያለሁ" አለ። "ለልጆቹ ብሎ ይሆናል።"

"እንግዲያ ምን ቀረህ?" አሉት ሽማግሌዎቹ።

"ያን ቀን ውኃው ዳር አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። እሱን ብቻ ይመልስልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ አምሐ ዞሩ። አምሐ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። ይገዙ እንደዚያን ቀን ጥቂት ጠበቀው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።