«የአጎቱ ልጅ ናት»

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ልሄድ ከንፋስ መውጫ ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ቤታችን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ሞልቶበት ነበር። ለአንድ ሰው ጉዞ ያ ሁሉ ምክር! አንዷ ጎረቤት «ማሽኑን በእርጥብ እጅሽ እንዳትነኪ» ትላለች፣ ሌላዋ «ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ» ትላለች። ዓረብኛ እንደማልችል ትዝ ያላት አክስቴ ናት።

«ኧረ ይቺ ልጅ በምን አፏ ልታወራ ነው?»

አባዬ ካፖርቴን እያጠበበልኝ ነበርና ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «እኔስ እንግሊዝኛ የት አውቅ ነበር?» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባዬ በልጅነቱ እዚያው አገራችን፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምሯል። አያቴ ሲሞቱበት ሳይጨርስ ተመልሶ ልብስ ሰፊ ሆነ። ሱቁ ፊልም በገንዘብ ከሚታይበት የሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። እናቴ ገበያ ስትውል የሚይዘኝ እሱ ስለሆነ፣ እሱ በገባበት ገባሁ። ስድስት ዓመቴ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን ፊልም እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ወይ ይተላለቃሉ፣ ወይ ይሳሳማሉ።

ፊልሙ እንግሊዝኛ ወይ ህንድኛ ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማ የለም። አባዬ ከፊት አግዳሚው ላይ እኔን ጭኑ ላይ አድርጎ ይተረጉማል። እሱም እኮ አይችልም! ያየውን ነው እንደ መጽሐፍ መምህር የሚያፍታታው። «ይህ ሰው ለምን ተኮሰ? አንድም ወንድሙን ገድሎበታል፤ አንድም ወሰን ገፍቶበታል።» እስካድግ ድረስ ፈረንጅ ሁሉ በእርሻ ወሰን የሚጋደል ይመስለኝ ነበር። አንዲት ሴት እርቃኗን ለመሆን ትንሽ ሲቀራት ከባሕር ብትወጣ፣ «ልትጠመቅ ገብታ ልብሷን ውሃ ወሰደባት፣ ምስኪን» አለ። መሳሳም ሲመጣ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የአጎቱ ልጅ ናት! ተለያይተው ከርመው ነው» ይላል። የአጎት ልጅ ከሆነች ምን ነውር አለው? እኛ ዘንድ ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እህቱ ማለት ናት።

ጎረምሶቹ አይለቁትም።

«የኔታ፣ ይቺኛዋም የአጎቱ ልጅ ናት?»

«ናት።»

«ቅድም የሳማትስ?»

«አጎቱ ብዙ ወልዷል፤ አንተን ምን አገባህ!»

አንድ ቀን የሰፈራችን ቄስ በር ላይ ያዙት። «ሕፃን ይዘህ እንዲህ ያለ ቦታ! ነፍስህን አትፈራም?»

«አባ፣ እሷ የምታየው እኔ የምነግራትን ነው» አላቸው።

እውነቱን ነው። አባዬ ታሞ በቀረ ቀን ሰው «ዛሬ ፊልሙ አይጥምም» እያለ እየተነሳ ይወጣ ነበር። የእኔ አባት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አማን ከተማ ስደርስ ብርዱ የጉና ብርድ ነው፤ ኹብዝ የሚሉት ስስ ዳቦ ግን የገብስ ቂጣችንን ቢያስናፍቅ እንጂ አያጠግብም። ሠራተኛ በሚያስቀጥረው ቢሮ፣ መክተብ ይሉታል፣ አንድ ሰውዬ ወረቀቴን አገላበጠ። አስተርጓሚዋ ያገሬ ልጅ ናት።

«ወረቀቱ ዓረብኛ ትችያለሽ ይላል፣ እያለሽ ነው።»

«አልችልም በይው።»

«ወረቀቱ ትችላለች ይላል፣ አለ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ይቅጠሩት!»

ሳቋን ዋጥ አደረገችና የሆነ ነገር አለችው። ሰውየው ማህተሙን መታ። ስንወጣ «ምን አልሽው?» ብላት፣ «በጣም ትችላለች ነዋ!» አለችኝ።

የተቀጠርኩት አሠሪዬ ማዳም እናቷን እንድጠብቅላት ነው። ሐጃ ነው የሚባሉት፤ ዓይናቸው ፈዟል። ከእኔ በፊት ሦስት ሴቶች መልሰዋል። ማዳም አንድ ሳምንት ሰጠችኝ፤ ሐጃ ካልወደዱኝ ወደ መክተብ፣ ከመክተብም ወደ አገሬ። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ባዶ እጄን ስወርድ፣ ያ ሁሉ መካሪ ቆሞ ሲያየኝ ታየኝ።

ሐጃ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይውላሉ። ፊልሙ የውጭ ነው፤ ዓረብኛው ከሥር በጽሑፍ ያልፋል። እሳቸው ጽሑፉ አይታያቸውም፣ እኔ ማንበብ አልችልም። በአምስተኛው ቀን ሪሞቱን ወረወሩና «ሹ ሳር?» አሉኝ። ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ዝም ካልኩ ተመላሽ ነኝ። ቀና ብል ወንድና ሴቷ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ! አፌ ላይ የመጣልኝ የአባዬ ነገር ነው። በዚያች በአምስት ቀን ዓረብኛዬ «ቢንት አሞ» አልኩ። የአጎቱ ልጅ ናት።

«ቢንት አሞ?»

«አዎ፣ ቢንት አሞ።»

ሐጃ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። ቆይተው ደግሞ እንባቸውን ጠረጉ። ማዳም ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። ለካ በእነሱ አገር የአጎት ልጅ የምትታጭ ናት! ሐጃም ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ከአጎታቸው ልጅ ጋር ተጋብተው ነው፤ የቀበሩትም እኔ በመጣሁበት ዓመት ነው። እኔ በልቤ «እግዚኦ!» እያልኩ አማተብኩ። እሳቸው ግን አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አድርገው፣ «ተቀመጪ። ከዚያስ?» አሉኝ።

ከዚያማ ማን ይችለኛል! የጎደለኝን ቃል በእጄ፣ የማላውቀውን በአባዬ «አንድም» እየሞላሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። ዓረብኛን ያስተማረኝ ያ ወንበር ነው። ዛሬ ያገሬ ልጆች ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ መክተብ ሲጠሩ፣ እኔን ይዘው ነው። ኮራሽ ብትሉኝ አዎ፣ ኮርቻለሁ።

ግን ውሌ ሁለት ጊዜ አልቆ ሁለቴም ታደሰ። አገሬን ልይ ባልኩ ቁጥር ሐጃ «ማን ሊነግረኝ?» ይላሉ፤ ማዳምም አንገቷን ትደፋለች። ያስወደደኝ ነገር አሰረኝ።

ባለፈው እሑድ ስደውል አባዬ «ሴትዮዋን አቅርቢልኝ» አለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ መሀላችን አስቀመጥኩት።

«እሜቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ልጄን አንድ ወር ይስጡኝ። ጉልበታችን ሳይደክም እናቷም እኔም እንያት።»

«አባትሽ ምን አለ?» አሉ ሐጃ።

መጨመርም ማሳመርም እችል ነበር። አንዲት ቃል ሳልነካ ነገርኳቸው። «ኢንሻላህ በይው» አሉ። በሰው ቤት የሠራ ሁሉ ያቺን ቃል ያውቃታል፤ እሺም እምቢም አይደለችም።

«ምን አሉ?» አለ አባዬ።

«እግዚአብሔር ከፈቀደ አሉ።»

«እሱማ ፈቅዷል። እሳቸውን ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኳቸው። ሐጃ እጄን ፈልገው ያዙና ጥብቅ አደረጉት፤ አባዬ በስልኩ ውስጥ ይጠብቃል።