በር ፊት የቆመ መስታወት

ገዳሪፍ ውስጥ ሙሽራ ያለበት ቤት ሁሉ ብፅአትን ያውቃታል። መጋረጃ የሚሰቅል፣ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሌላ ሰው ሞልቷል፤ መስታወት የሚቆምበትን ግድግዳ በመምረጥ ግን የሚደርስባት የለም። ሱዳናውያኑ ወይዛዝርት «ሲት አል መራያ» ይሏታል፤ የመስታወት እመቤት ማለታቸው ነው። ስሙን ትወደዋለች። እንደማትወደው ለማስመሰል በሞከረች ቁጥር ይበልጥ ይታወቅባታል።

ሥራውን ያስተማራት የለም። ወድ ኤል ሒለው በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ስታድግ የነበራቸው መስታወት የአባቷ የጢም መላጫ ብቻ ነበር፤ መሃሉ ተሰንጥቆ ሰውን ሁሉ ባለ ሁለት አገጭ ያደርጋል። ኮረዳ ሆና ገዳሪፍ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ቤት ሠራተኛ ስትገባ ነው ቁመቷን በሙሉ ያየችው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ መጥረጊያ ይዛ ወደ እሷ ስትመጣ አየችና፣ ጎንበስ ብላ «ጤና ይስጥልኝ» አለቻት። የቤቱ እመቤት ይህን አይታ ጎኗን ይዛ ሳቀች። መሳቋስ ባልከፋ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያችኑ ታወራ ነበር፣ ብፅአትም ሻይ እያቀረበች አብራ ትስቅ ነበር። ማታ ግን ያንን መስታወት ስትወለውል ጨርቁን እንደ ጥፊ ነበር የምታሳርፍበት።

በዚያ ቂም የተነሣ ይሁን በፍቅር፣ ብቻ ስለ መስታወት የማታውቀው ነገር ጠፋ። «መስታወት ከመስቀልሽ በፊት ጀርባሽን ለግድግዳው ሰጥተሽ ቁሚ» ትላለች ለሙሽራ እናቶች። «አንቺ የምታይውን ነው እሱም የሚያየው። ያልታጠበ ድስት ካየሽ፣ ነገ ሁለት ያልታጠበ ድስት ይኖርሻል።» «የከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ትይዩ ታቆሚና፣ ቤቴ ምድጃ ሆነ ብለሽ እኔ ዘንድ እንዳትመጪ» ትላለች። ከሁሉ የምትመርጠው አናቱ ቅስት የሆነውን ነው። ምክንያትም አላት፤ የገዳሪፍ ግድግዳ፣ በተለይ የጭቃው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል። ባለ አራት ማዕዘኑ መስታወት ይህን ጠማማነት ለመጣ ሰው ሁሉ ይናገራል። ቅስቱ ግን ቀጥ ያለ አናት ስለሌለው የግድግዳውን ገመና ይሸፍናል። አንድ ሕግ ደግሞ አላት፣ በማንም ልመና የማትሽረው፦ መስታወት በር ፊት አይቆምም። የሚገባው ሰው ከባለቤቱ በፊት ራሱን ሰላም ሊል አይገባም።

ይህን ሕግ ራሷ የሻረችው ሄለን ልትታጭ ስትል ነው።

ሄለን አንድ ልጇ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ የሚኖሩት አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ነው፤ ከፊቱ የሣር ጥላ ያለው ግቢ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ፣ ሌላ ምንም። ልጅቷን የወደዳት ታምሬ ደግሞ በሾዋክ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ቤተሰቡም እዚያው ሾዋክ ሰፊ ግቢ ያለው ልጅ ነው። ሽማግሌ ልንልክ ነው የሚል ወሬ የደረሳት ዕለት ብፅአት ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየችው። ስንት ሰው ቤት ስታስውብ የራሷን አንድ ቀን እንኳ በደንብ አይታው አታውቅም ኖሯል። አልጋው ከቁም ሳጥኑ፣ ቁም ሳጥኑ ከወንበሩ ጋር ተፋፍጓል። አፈረች። ልጄን ከጉድጓድ አውጥተው እንደወሰዷት ያወሩብኛል ብላ ስታስብ፣ ያች የሰሊጥ ነጋዴ ሚስት ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት።

መስታወቱን አምላክ የላከላት መሰላት። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ሰው ገዳሪፍን ሲሞላት፣ ዕቃውም አብሮ መጥቶ ነበር። አንዲት የካርቱም ወይዘሮ ወደ ፖርት ሱዳን ስትቀጥል፣ «ይህን ይዤ እንዴት እሄዳለሁ? ላንቺ ይሁን» ብላ የሰጠቻት አናቱ ቅስት የሆነ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት ከቁም ሳጥኑ ኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆሟል። ብፅአት ገለጠችውና ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ጋር አቆመችው። ወዲያው ግድግዳው ጠፋ። በቅስት በር አሻግረው የሚያዩት ሌላ ክፍል፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ ግቢ፣ ግቢው ውስጥም ሌላ የኒም ዛፍ ታየ።

«ያ እማ!» አለች ሄለን ከውጭ ስትገባ። «በር ፊት አይቆምም ስትይ አልነበር?»

«እሱ ለሰው ቤት ነው፤ ዝም በይ።»

«ወላሂ ቤተ መንግሥት አደረግሽው እኮ። ታዲያ እዚያኛው ክፍል ማን ሊተኛ ነው?»

«አንቺን የወሰደ ሰውየ!» ብላ ጨርቁን ወረወረችባት፤ ተሳሳቁ። ብፅአት ግን የምሯን ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። በአባት ቦታ ሆኖ የሚቀበላቸው ጎረቤታቸው ዩኑስ ነው፤ ከመጠለያው ዘመን ጀምሮ ከብፅአት ቤተሰብ ጋር ክፉና ደጉን ያየ፣ ሄለንንም በጀርባው አዝሎ ያሳደገ ሰው። ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት የሚመጡት አያ ባፈና ናቸው። በገዳሪፍ የጎንደር ሰው ያለ አያ ባፈና አይታረቅም፣ አይጋባም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ይህን ግን አይቀበሉም። «ዓይኔ ደኅና ነው፤ የዛሬ ሰው ነው የደበዘዘ» ይላሉ።

አያ ባፈና ደፉን ተሻግረው ቀና ሲሉ፣ ፊት ለፊታቸው አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ጋቢ ለብሷል፤ ከዘራ ይዟል። ከኋላው ሁለት ሰዎች አሉ። ተነሥተውልኝ ነው ብለው እጃቸውን አወዛወዙ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ይቀመጡ!»

ሰውየውም እጁን አወዛወዘ፤ ግን አልተቀመጠም።

«ኧረ በሞቴ! እኔ በንቱ ፊት አልቀመጥም፤ ይቅደሙ።»

ሰውየው ንቅንቅ አላለም። አያ ባፈና በታላቅ ፊት ቀድሞ መቀመጥን ነውር ብለው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ያ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጣቸው መሰላቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁ። ያም ከዘራውን ተደግፎ ጠበቀ። እሳቸው ስላልተቀመጡ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቆሙ፤ እንግዶቹ ስላልተቀመጡ ዩኑስ ቆመ፤ ሁሉም ስለቆመ ብፅአት የከረከዴ ብርጭቆ የሞላበትን ሰሐን እንደያዘች ቆመች። ነገሩ ለሁሉም ገብቷል። ግን የሽማግሌዎችን አንጋፋ፣ በሴት ልጅ ቤት፣ ገና ከመግባታቸው «አያ፣ እሱ መስታወት ነው» የሚላቸው ማን ይሁን? ዩኑስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንደኛው ሽማግሌ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎስጉሷል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

በመጨረሻ አያ ባፈና ፊታቸው ተለወጠ።

«ዩኑስ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲህ ይህን አልጠበቅሁም።»

«ምኑን አያ?»

«ሌላ ሽማግሌ ቀድሞን ገብቷል። ይኸው ሦስት ሆነው ቆመዋል። ለአንዲት ልጅ ሁለት ደጅ ጠኝ በአንድ ቀን ትቀበላላችሁ? እኛ እንደ ገበያ ሰው ልንጫረት አልመጣንም። ሰውየውም ቢሆን ተነሥቶ ኖር የማይል፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው? እናንተ፣ ተመለሱ፤ እንሄዳለን።»

ክፍሉን ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ሄለን አፍና የያዘችው ሳቅ እዚያው ቀጥ አለ። አያ ባፈና አንድ ጊዜ ከበር ከወጡ ማንም አይመልሳቸውም፤ እሳቸው የተመለሱበትን ቤት ደግሞ ሌላ ሽማግሌ አይረግጠውም። ጀርባቸውን አዙረዋል።

ብፅአት ሁለት ነገር ታያት። መስታወት ነው ብላ ብትጮኽ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሳቁም ገዳሪፍን ዞሮ ሾዋክ ይደርሳል፤ ሽማግሌው ከዚያ በኋላ የትም ቀና ብለው አይገቡም። እንግዳ በመጣ ቁጥር መሳቂያ መሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ ትቀራለች። ሰሐኑን አስቀምጣ ሄደችና ከደፉ ላይ ቆመች።

«አያ ባፈና፣ አይሂዱብኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ይውቀሱኝ። ቤቴ ይችው አንዲት ክፍል ናት። ጠባብ ናት፤ አፈርሁባት። ሰፊ እንድትመስል ብየ መስታወት በር ፊት ገተርሁ። ይህ ማንንም ያሳስታል፤ እኔም ትናንት ሌላ ሴት ገባች ብየ ደንግጫለሁ። ሌላ ሽማግሌ የለም። ሌላ ክፍልም የለም።»

ትናንት መደንገጧ ውሸት ነው። የቀረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ስትናገረው ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ።

አያ ባፈና ቀስ ብለው ተመለሱ፤ ተጠጉና እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ከሰውየው ጣት ጋር ተገናኘ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

መዳፋቸውን ከመስታወቱ አላነሡም።

«እኔስ መጀመሪያ ሳየው ወንድመ ጋረደው መስሎኝ ነበር» አሉ። «ታላቄ ነው። ወደዚህ ስንሰደድ መንገድ ላይ ወባ ጣለውና፣ እናንተ ሂዱ እደርሳለሁ አለን። ዛሬ ነገ ሲመጣ ስጠብቀው… ቢያረጅ እንዲህ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው አልቀመጥ ያልሁት። እሱ ቆሞ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?»

የጋቢውን ጫፍ የጎረሰው ሽማግሌ ጋቢውን ከአፉ አወጣ። ብፅአት አለቀሰች፤ ዩኑስም ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ አያ ባፈና ራሳቸው፣ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ የቤቱ ሰው ሁሉ የታፈነ ሳቁን ለቀቀው። አያ ባፈና በጠፍር የተጠለፈው አንገሬብ ላይ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ሦስት ሆነን መጣን፣ ስድስት አድርጋችሁ ተቀበላችሁን። ስድስት ሽማግሌ የቻለ ቤት ጠባብ ነው ያለ ማን ነው? ዩኑስ፣ ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ሄለን ተዳረች፤ ሾዋክ ትኖራለች። ብፅአት ዛሬም ለሙሽራ እናቶች መስታወት በር ፊት አይቆምም ትላለች። የራሷ ግን እዚያው በር ፊት ቆሟል፤ ለምን ሲሏት፣ ሰው ይጠብቃል ትላለች።

አያ ባፈና ከቅዳሴ ሲመለሱ አንዳንዴ ጎራ ይላሉ። ደፉ ላይ ቆም ብለው ፊት ለፊት ያዩታል፤ ጋቢ የለበሰውም ቆሞ ያያቸዋል። ያን ጊዜ ብፅአት የያዘችውን ሥራ ትታ ትነሣና፣ ከመስታወቱ አጠገብ ቆማ፣ ስለ እሱ ሆና «ኖር!» ትላቸዋለች።

«በእግዜር፣ ወንድመ» ይሉና ይቀመጣሉ። እሱም ይቀመጣል።