ሞተር ላይ የነጣው ካርድ

የበደለኝ የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የበደለኝም ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ የፍየል ማኅበራችን ግልገል ባስተላለፈ ጊዜ ነው። ስሙን አልጠራም። አሶሳ ጠባብ ናት፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

የማኅበራችን ደንብ ቀላል ነው። ፍየል የተሰጣት ሴት የመጀመሪያዋን ሴት ግልገል አሳድጋ ተራ ለደረሳት ታስረክባለች። ከርክክቡ በፊት ባለሙያው የግልገሏን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጦ ውስጡን ከቀለም ካርድ ጋር ያስተያያል። ካርዱ ላይ ከቀይ እስከ ነጭ የሚወርዱ ቀለሞች አሉ። ቀይ ከሆነ ደም አላት። ከነጣ የሆድ ትል ደሟን መጥጦታል፤ መድኃኒት ሳትወስድ አትተላለፍም። ርካሽ ነገር ነው፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም።

እኔ ግልገሏን አላመንኳትም ነበር። ከሌሎቹ ወደኋላ ትቀራለች፣ ከአገጯ ሥር አብጣለች። ነገርኩት። እሱ ካርዱን የሚያንጠለጥለው ሞተሩ መሪ ላይ ነው፤ ፀሐይም ዝናብም እዚያው ይፈራረቁበታል። ፈታና ዓይኗ አጠገብ ያዘው።

«ይኸው፣ ከላይኛው ቀለም ጋር አንድ ነው። ጤነኛ ናት፣ ያስረክቡ።»

«እብጠቱስ?»

«እማማ፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አስረከብኩ።

ግልገሏ ወር ሳትሞላ ሞተች። የተቀበለችኝ የበርታ ብሔር ተወላጅ የሆነች ጎረቤቴ ናት፤ ተራዋን ስትጠብቅ የኖረች ሴት። ማንጎው ሥር ስብሰባ ተጠራ።

«ወላሂ እማማ፣ በሽታ ሰጡኝ» አለች እያለቀሰች።

ከኋላ አንዷ «ደህናዎቹንማ ለራሷ አስቀርታለች» ስትል ሰማሁ። ከሌላ አገር መጥቼ እዚህ ስሜን ለማቆም ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ወደ እሱ ዞርኩ።

«ያየሃት አንተ ነህ፤ ንገራቸው እንጂ!»

«ባየኋት ቀን ደህና ነበረች» አለ ጫማውን እያየ። «ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም።»

ቆይቶ አሶሳ ገበያ ላይ፣ በሌላ ቀበሌ ባለሙያ እጅ አዲስ ካርድ አየሁ። የላይኛው ቀለም እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል። የእኛው ሰውዬ ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ቀይ ኖሮ አያውቅም፤ ፀሐይ በልቶት ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ፣ የታመመ ዓይን ሁሉ ከጤነኛው ጋር ይገጥም ነበር። ስመለስ ሞተሩን አስቆምኩት።

«ካርዱ መንጣቱን ታውቅ ነበር?»

«አዲስ ጠይቀን አልመጣም፤ በምን ልሥራ?»

«ማኅበሩ ፊት ለምን አልተናገርክም?»

«እማማ፣ እንጀራዬ ነው እኮ።»

እንጀራውስ ይሁን። የእኔን ስም ወጥ አድርጎ በላበት እንጂ።

ሁለተኛዋን ሴት ግልገል በሌላው ቀበሌ ባለሙያ አዲስ ካርድ አሳይቼ፣ መድኃኒት አስውጬ፣ ለጎረቤቴ ደጃፏ ድረስ ወስጄ ሰጠኋት። የእኛው ባለሙያ ያለኝን ለሴቶቹ በየቤታቸው ነገርኩ። ሳያጣራ ከጠረጠረኝ ማኅበር ግን ወጣሁ። ያ ባለሙያም ሰላም ሲለኝ አልመልስም።