የመምህርት ጋዲሴ ፊርማ

መምህርት ጋዲሴ ከወለጋ መጥታ ሆሞሻ ላይ ሳይንስ ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጄ ሐዊ የምትማረው እሷ ዘንድ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ልጆች ነው፤ ለክልሉ ፈተና የቀረው ሦስት ወር ነበር።

መጽሐፍ ግን ነበረ። ሁሉም መጻሕፍት የተጫኑባቸው አርባ ታብሌቶች በርእሰ መምህሩ በአቶ ምንያህል ቁም ሣጥን ውስጥ ከነላስቲካቸው ሁለት ዓመት ተቆልፎባቸዋል።

«ልጆች ይሰብሩታል» ይላል።

«እኔ ፈርሜ ልረከብ» አለችው ጋዲሴ።

«የአንቺ ፊርማ አርባ ታብሌት ይሸከማል?»

ይህ ሰው ዲግሪ አለው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ፣ በዳዊት መዝሙር ላይ ነው፤ መጽሐፍ ተገልጦ እንደሚነበብ ግን ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል።

ከአሶሳ ትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። አንዱም አልበራ አለ። ምንያህል ቻርጅ አስደርጎ እንደማየት ልጆቹን ማሠልጠን ያዘ። «በጣታችሁ ደባብሱት፤ ከዚያ ፈገግ በሉ!»

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ልጆቹ ሲደባብሱ እንግዳዋ ወይዘሮ ዘመናይ ኢንቲሳር ወደምትባል የበርታ ልጅ ጎንበስ አሉ።

«ምን እያነበብሽ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ጥቁር ነው፣ እትዬ። ደባብሱ ተባልን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«መብራት ጠፍቶ ነው!» አለ ምንያህል፣ አምፖሉ አናቱ ላይ ቦግ ብሎ እየበራ።

ወይዘሮ ዘመናይ ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። «የዚህስ መብራት ከሱዳን ነው የሚመጣው?» ከዚያ ወደ መምህራኑ ዞሩ። «የሚረከብ አለ?»

መምህራኑ አንገታቸውን ደፉ፤ የፈረመ ሰው አንድ ቢሰበር ተጠያቂ ነዋ። ጋዲሴ ብቻ እስክሪብቶ ጠየቀች። ምንያህል በእንግዳ ፊት እንቢ ማለት አልቻለም፤ «መቼም እኔ አስጠንቅቄያለሁ» እያለ ቅጹን አቀበላት።

ቻርጅ ሲደረጉ ሃያ ሦስቱ ነቁ። የቀሩትን አሥራ ሰባቱን ጥንቃቄው ገድሏቸዋል። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያነቡ ጀመር፤ ሐዊ የልብን ሥዕል በጣቷ እያሰፋች ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነገረችኝ። ተመስገን አልኩ።

በሳምንቱ አንዱ ከጠረጴዛ ወድቆ ተሰነጠቀ። ምንያህል ሮጦ መጣ። «አላልኩም?»

ጋዲሴ ጉዳቱን በስሟ መዘገበችና ታብሌቱን ለልጆቹ መለሰችላቸው። «ይነበባል» አለች። «ገጽ አርባ አንድ።»