ከተነባበረው ድንጋይ በታች

ከአሰላ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። አባባ ሻንጣዬን ሚኒባሱ ላይ አስረው ሲጨርሱ፣ የሹራቤን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፉልኝ። የጭላሎ ብርድ ያኔ ያስመርረኝ ነበር፤ አሁን በአውስትራሊያ ሐሩር እየቀለጥኩ ስንቴ ተመኘሁት መሰላችሁ!

እማዬ ጩኮ ቋጥራልኝ ነበር። እዚህ ስደርስ የኤርፖርቱ ፈታሽ ከፍቶ አሸተተና፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የተቆላ የበቆጂ ገብስ፣ በቅቤ የታሸ።»

«በቆጂ የት ነው?»

«ከአሰላ አለፍ ብሎ።»

«አሰላስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ በጓንት ይዞ ጣለው።

አከራዬ ደግሞ ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ፣ «ጣሪያ እንዳይወድቅ አደርጋለሁ» አልኩት። ፊቱ በራ። «እንግዲያው የሳሎኑ ያፈሳል፤ ነገ መሰላል አመጣልሻለሁ!»

የኔ ጣሪያ ግን ከሰል የሚወጣበት ዋሻ ጣሪያ ነው። ድንጋዩ እንደ ኮምፔርሳቶ በስስ በስሱ የተነባበረ ነው። ንብርብሩ ከተላቀቀ እያንዳንዱ ለብቻው ጎብጦ ይሰበራል፤ በረጅም የብረት ብሎን ወደ ላይ ሰፍተን ካጠበቅነው ግን እንደ አንድ ወፍራም አግዳሚ ይሸከማል። የብሎኑን ርዝመትና አተካከል የምወስነው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን በአዲሱ መተላለፊያ ጣሪያው ሆድ አውጥቶ አየሁት። አለቃዬን ኮሊንን፣ «ብሎኖቹ አጥረዋል፤ ሥራው ይቁም» አልኩት።

«ሌላው ቦታ በነዚሁ አይደል የቆመው? አንቺ ገና መምጣትሽ ነው።»

ከተሳሳትኩ ሥራዬም ቪዛዬም አብረው ሊሄዱ ነው። ግን ከሥሩ ሰዎች ነበሩ። «ሰዎቹን አውጣና ካሜራ እናስገባ» አልኩ።

እያጉረመረመ አስወጣቸው። ጣሪያውን ወደ ላይ በስተን ካሜራ ስንሰድ፣ ከብሎኖቹ ጫፍ በላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ብሎኖቹ ከስንጥቁ በላይ ያለውን ጠንካራ ድንጋይ አልነኩትም፤ የተንጠለጠሉት ሊወድቅ ባለው ላይ ነበር። ኮሊን ስክሪኑን አየና፣ «ምን ያህል ልጨምር?» አለኝ።

«አንድ ሜትር።»

በጊዜያዊ ምሰሶ ደግፈን ረጃጅሞቹን ተከልን። ጣሪያው እስከ ዛሬ አለ።

እሁድ እማዬ ደወለች። «እዚያ ከመሬት በታች ዝናብ ይሰማል?» አለችኝ።

«አይሰማም፣ እማዬ።»

«ቆይ እንግዲያው» ብላ ስልኩን ወደ በሩ ወሰደችው። የአሰላ ክረምት ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰማሁት። በመካከሉ «መቼ ነው የምትመጪው?» ያለችኝ መሰለኝ፤ ዝናቡ ዋጠው። ድገሚልኝ አላልኳትም።